ያውቁ ኖሯል? በርሜል መሳይዋ ፈጣን ጄት
በስዊድን አገር የሳብ ፋብሪካ የሠራትና እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ የወጣችው ጄ 29 የተባለች ተዋጊ አውሮፕላን፣ በአፍንጫዋ ክብ ቀዳዳ የሚገባው አየር በአብራሪው መቀመጫ ሥር አልፎ ወደ ሞተሩ እንዲደርስ ሲባል አካሏ ስለ ወፈረ፣ ሰዎች የምትበር በርሜል የሚል ቅጽል ስም ቢያወጡላትም፣ ወደ ኋላ የተቀለበሱት ክንፎቿና እንግሊዞች የነደፉት ጎስት የተባለው ሞተር ተባብረው በሰዓት እስከ 1,060 ኪሎ ሜትር ያበሯት ነበር።

በ1954 ሻምበል አንደርስ ቬስተርሉንድ 500 ኪሎ ሜትር በሚፈጀው የዙር በረራ በሰዓት 977 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን ክብረ ወሰን በእርሷ ተቀዳጀ። በ1961ም በኮንጎ ምድር፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ 86 ጄቶች ጋር በአንድነት ተሰልፋለች። እንግዲህ መልክን ብቻ አይቶ ኃይልን መመዘን ቅን ፍርድ አለመሆኑን ይህች አውሮፕላን ሕያው ምስክር ናት።