ማርሽ የሚመረጠው አፋፍ ላይ ነው፤ ከካሳራኒ እስከ ዓባይ በረሃ

በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ብቅ ብለን ስለ ማርሽ አቀያየር ጥቂት እንጨዋወታለን። ጉዳዩ የሾፌሮች ብቻ መስሎ የሚታያቸው እመቤቶች ካሉ ገጹን ከመግለጣቸው በፊት ትንሽ ይታገሡን፤ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ ቀን በቁልቁለት ላይ ተሳፋሪ መሆኑ አይቀርምና።

ካሳራኒ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቲካ በሚወስደው ሰፊ አውራ ጎዳና አጠገብ የምትገኝ ሰፈር ናት። ስሟ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ለተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በተሠራው ታላቅ ስታዲየም ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2021 ዓ.ም. ግን ከሯጮች እግር ይልቅ የሞተር ድምፅ ተሰማባት። ከ2002 ወዲህ ከዓለም የራሊ ሻምፒዮና ውጭ ሆኖ የቆየው የሳፋሪ ራሊ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ የመጀመሪያው በሰዓት የሚለካ ውድድር የተካሄደው እዚያው ካሳራኒ፣ ርዝመቱ 4.84 ኪሎ ሜትር በሆነ የአፈር መንገድ ላይ ነበር።

ራሊው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የንግሥት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ ሲሆን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና የያኔዋን ታንጋኒካን ያቋርጥ ነበር። ጆጊንደር ሲንግ በ1965፣ በ1974 እና በ1976 ሦስት ጊዜ፣ ሼካር ሜህታ ደግሞ በ1973 እና ከ1979 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት በተከታታይ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ አሸንፈዋል። እነዚህ ሰዎች የነዱት ፍሪሲዮን እየረገጡ በእጅ ማርሽ የሚቀይሩበትን መኪና ነው። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ማርሽ ሊቀይር የሚሞክር ሾፌር፣ ፍሪሲዮኑ በተረገጠባት ቅጽበት ጎማው ጉልበት ያጣና ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ማርሹ ከጭቃው በፊት፣ በደረቁ መሬት ላይ መግባት አለበት።

የዛሬዎቹ የውድድር መኪኖች አሠራር ሌላ ነው። በ2021 ካሳራኒ ላይ የታዩት ማርሽ የሚቀይሩት ከመሪው ኋላ ባለች ትንሽ መቀየሪያ ነበር። በ2022 የወጣው ደንብ ግን አምስት ማርሽ ያለውንና በእጅ ዘንግ ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋ በተራ የሚቀየረውን ካምቢዮ መልሶ አመጣ። ሾፌሩ ከተነሣ በኋላ ፍሪሲዮን መርገጥ አያስፈልገውም። ሆኖም ከጠባብ መታጠፊያ በፊት ፍሬን ይዞ ማርሽ መቀነስ፣ ከዚያም መታጠፍ የሚለው ቅደም ተከተል አልተለወጠም።

ማርሽ ሲቀነስ በካምቢዮ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። አንድ መኪና በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በዚያው ፍጥነት ሁለተኛ ሲገባ ሞተሩ ወደ 3,000 ገደማ መውጣት ይኖርበታል። በቤት መኪኖች ውስጥ የጥርሶቹን ፍጥነት እያመሳሰለ የሚያገናኛቸው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ክፍል ነው። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ከመልቀቁ በፊት ነዳጅ መስጫውን በስሱ ቢነካ ሞተሩ ራሱ ከፍ ብሎ ስለሚጠብቅ መኪናው አይንገጫገጭም፤ የፍሪሲዮኑም ሸራ ይተርፋል።

በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ትሬንታ ኳትሮ ይህ መሣሪያ አልነበረውም። ማርሽ ለመቀነስ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ዜሮ ያደርጋል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ እንደገና ይረግጥና ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። ያልተሳካለት ጥርስ ሲፋጭ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል! እንደ ካምቢዮ ያሉ ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ መሆናቸውም የዚያ ዘመን ምልክት ነው።

ጣልያኖቹ በኬንያም አሻራ ትተዋል። ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ የሚወስደው መንገድ በማይ ማሂዩ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው እጅግ ገደላማ በሆነ ጠመዝማዛ ነው፤ ይህን መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት ጣልያናውያን የጦር ምርኮኞች ሲሆኑ፣ ከዳር ያነጿት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆማለች። ከዚያም አልፎ በናኩሩና በኤልዶሬት መካከል ሳልጋ የምትባል ስፍራ አለች። ይህች ስፍራ ለብዙ ዓመታት በከባድ መኪና አደጋ ስሟ ሲነሣ ኖሯል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ረጅሙን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መልቀቃቸው ነው። ይህ ልማድ በእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ይህንን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም እርሱው ነው።

በዜሮ የሚወርድ መኪና ክብደቱን በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ ሽታና ጭስ ይወጣል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ይወርዳል። በአየር በሚሠራውም ሾፌሩ ደጋግሞ በረገጠ ቁጥር አየሩ ይመናመናል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ወደ ማርሹ ይሮጣል። ማርሹ ግን እሺ አይለውም! ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፣ ጎማው የሚያዞረው ወገን ደግሞ እየከነፈ ስለሆነ ጥርሶቹ አይገናኙም። ማርሽ የሚገኘው አፋፍ ላይ እንጂ ወገብ ላይ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

የቁጠባውም ነገር ቢሆን ስሌቱ የተገላቢጦሽ ነው። የዛሬዎቹ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነውና። በዜሮ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድማ የፍሬኑን አጋዥ ኃይል አብሮ ማጥፋት ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሾፌር ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ ይለቃል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። የቀድሞ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። ምክሩ ለዘመናቸው መኪና ልክ ነበር። ዛሬ ግን ሞተሩ ጉልበታም ስለሆነ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ሊወጣው ይችላል፤ ያው ማርሽ በቁልቁለት አይዝም። ስለዚህ ከባድ መኪና ሲወርድ ከወጣበት አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ቀንሶ መጀመር ይገባዋል። የናፍጣ ሞተር በባሕርዩ የመያዝ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ፣ የጭስ መውጫውን እየዘጋ የሚይዘው የሞተር ፍሬን ካለ አብሮ ይሠራ። የእግር ፍሬኑ ጠንከር ተደርጎ ተይዞ ፍጥነቱ ሲወርድ ይለቀቅ፤ ያለማቋረጥ በስሱ እየተያዘ አይቆይ።

በጣርማ በር ዓይነት ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሞተሩ እስኪንተፋተፍ ሳይጠበቅ ማርሹ ቀደም ብሎ ይቀነስ።

አሁን ወደ ቤተሰብ ማእዘናችን እንለፍ። ባለቤቱን መንዳት የሚያስተምር አባወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በፔዳሉ ሳይሆን በአንደበቱ ነው። «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን አልኩሽ እኮ!» እያሉ መጮህ ተማሪዋን መሪ ማስለቀቅ ነው። በሜዳማ ቦታ ነዳጅ ሳትሰጥ፣ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ እያለች እንድትለቅ ያድርግ። መኪናው ንቅንቅ የምትልባትን ነጥብ እግሯ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ደጋግሞ ይወቃት። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አይታሰብ። ዳገት ላይ ለመነሣት የእጅ ፍሬኑን ትያዝ፣ ፍሪሲዮኑን እስከዚያች ነጥብ ትልቀቅ፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ሲል ነዳጅ ጨምራ የእጅ ፍሬኑን ታውርድ። እየነዱ እግርን ፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ ሸራውን ይበላዋል፤ እጅን በማርሽ ዘንግ ላይ ማንተራስም ውስጡን ይጎዳል። ይህን ሁለተኛውን ልማድ እንኳ ባሎች ከሚስቶቻቸው ይልቅ ያበዙታል።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በአውቶቡስ የምትሄዱ ቤተሰቦችም፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ትሰማላችሁ። ድምፁ ድንገት ዝም ብሎ አውቶቡሱ በነፋስ ብቻ የሚሄድ ከመሰላችሁ ግን፣ ረዳቱን ጠርታችሁ «ሾፌሩ ማርሽ ያስገባልን» ማለት አያሳፍርም። ይህንንም አፋፉ ሳይታለፍ ንገሩት።