እያወቀች ዝም ያለችው ልጅ

ዛሬ የማወጋችሁ በአንድ ረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ዱርቤቴ ላይ የገጠመኝን ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ ግቢ ልጆቹን ሰብስቤ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። ኢፍጣር እስኪደርስ ረሃቡን ለማስረሳት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። «ቢስሚላህ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ሱራ የትኛው ነው?» አልኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች መሬት መሬት አዩ። ዝምታው ሲረዝምብኝ መልሱን ራሴ ተናገርኩ፤ ሱረቱ ነምል ነው። አንዱ እንደ ሌሎቹ ሱራዎች በመግቢያው ላይ፣ ሁለተኛው ነቢዩ ሱለይማን ለሳባ ንግሥት በላኩት ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል።

በማግስቱ አንዲት አያት መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ሼሁ፣ ልጅቱ እኮ ታውቀው ነበር። ‹እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔ አውቀዋለሁ› ስትለኝ ነው ያመሸችው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረችም?»

«ኧረ በታላላቆች ፊት! አፍራ ነው እንጂ።»

ልጅቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የአያቷን ቃል እያሰብኩ ስሄድ የዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ታሪክ ትዝ አለኝ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቻቸውን አንድ እንቆቅልሽ ጠየቁ፤ ቅጠሏ የማይረግፍ፣ በሙስሊም የምትመሰል ዛፍ ማን ናት? ሰዎቹ የበረሃውን ዛፍ ሁሉ በሐሳባቸው አሰሱ። ተምር መሆኗ ለወጣቱ ዐብዱላህ ቢገባውም አቡበክርና አባቱ ዑመር ዝም ሲሉ አይቶ አፈረ፤ ዝም አለ። ኋላ ለአባቱ ሲነግረው ዑመር ደስ አላላቸውም። ከብዙ ሀብት ይልቅ ልጃቸው ያን ጊዜ ቢናገር እንደሚመርጡ ነገሩት።

ይህን ሐዲስ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬዋለሁ። የማብራራው ግን ሁልጊዜ ስለ ተምሯ በረከት ነበር። የአባትየውን ቁጭት አልፌው እሄዳለሁ። እውነቱን ልናገርና ልጆቹን ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። ታላቅ ሲናገር ታናሽ አይናገርም፣ ሳትጠየቅ አትመልስ፣ ከተሳሳትክ ደግሞ ወዮልህ፤ እኔም ለውሕ ይዤ የተማርኩት እንዲህ ነው፣ ሳስተምርም የያዝኩት ይህንኑ ነው።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር የጎረቤቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። «ሼሁ፣ እርስዎ ጥያቄና መልስ ስለሚወዱ» ይላል። «ኢትስ አካዳሚክ» የሚባል፣ በዋሽንግተን፣ በባልቲሞርና በመካከለኛው ቨርጂኒያ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአሜሪካ ሁሉ ኢትዮጵያውያን የበዙባት ናትና የእኛም ሰው ልጆች በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961፣ በእኛ 1954 ዓ.ም ነው። የሀገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር እነርሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከጥያቄና መልስ ፕሮግራሞች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ማክ ማጋሪ የተባለው አቅራቢ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሃምሳ ዓመት ያህል ልጆችን ሲጠይቅ ኖሯል። እኔ በሃያው ደክሞኛል።

አካሄዱ ቀላል ነው። ሦስት ትምህርት ቤቶች፣ ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ሦስት ተማሪ ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ቡድን 100 ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ቀድሞ ደወል የነካ ይመልሳል። ጓደኞቻቸው ከኋላ ሆነው ኳስ ሜዳ እንዳሉ ሁሉ ይጮኹላቸዋል። እኔን ያስገረመኝ እውቀታቸው አልነበረም፤ ከእኛ ልጆች መካከልም እንዲያ የሚያውቅ አይጠፋም። የገረመኝ አንዱ ልጅ ተሳስቶ ሲመልስ ነው። ጓደኛው ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄዱ። የሞተ ሰው የለም።

ነገሩ የመስጂድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደራቀ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እኔ ግን ከምክንያቶቹ አንዱን ከቤታችን እፈልጋለሁ። ያልገባው ልጅ «አልገባኝም» ካላለ ጉድለቱን ይዞ ከክፍል ክፍል ይሻገራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲገባ አስተማሪው ከስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጁ ያዳምጣል፤ ስክሪኑን ማን ይጠይቀዋል? እኛ ደግሞ ሰው አስተማሪም ቁጭ ብሎ እያለ እንዳይጠይቅ አድርገን አሳደግነው።

በችኮላ ደወል መንካትም ነውር አለው፣ አልክድም። ኢማም ማሊክ ከቀረቡላቸው 48 ጥያቄዎች ለ32ቱ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው በዑለማዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ያን ያህል ዕውቀት ይዞ አላውቅም ማለት ከባድ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እሳቸው ዝም አላሉም። «አላውቅም» ማለትም መናገር ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት የእኛንም አደራደር ቀየርኩ። ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርጌ ከፈልኳቸው። ከገበያ ቃጭል ገዛሁ። ደንቡ ሁለት ነው፤ «አላውቅም» ያለ ነጥብ አይቀነስበትም፣ በተሳሳተ ላይ የሳቀ ግን ቡድኑ ይቀነስበታል። ጎረቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፣ ክርስቲያን ነው። በዚያ ረመዳን ጾማችን ከዓቢይ ጾም ጋር ገጥሞ ነበርና እሱም ጾመኛ ነበር። የሳይንስና የጂኦግራፊ ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ፣ ከዚያም «አብሬ ልይ» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። የባሕር ዳሩ ቴሌቪዥናችን አንድ ቀን የፍኖተ ሰላምን፣ የቡሬንና የዱርቤቴን ልጆች እንዲህ ፊት ለፊት ቢያስቀምጥ ብለን ተመኘን። ብዙ ነገር አይጠይቅም፤ ዘጠኝ ወንበርና ሦስት ደወል ነው።

ልጅቱ ከፊት ተቀምጣለች። ከመምህሩ ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ፤ «ዓባይ ወደ ጣና ከመግባቱ በፊት ግልገል ዓባይ ተብሎ የሚጠራው ወንዝ...»

ቃጭሉ ጮኸ። እሷ ናት።

«ጣና!» አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ።

ጥያቄው «ከየት ይነሣል?» የሚል ነበር፤ መልሱም ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ግቢው ጸጥ አለ። ደንቡን ፈርተው ማንም አልሳቀም። ፊቷ ቀላ፣ ሻሿን ሳብ አደረገች። አጠገቧ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ወረቀቱን ገለበጥኩና የሚቀጥለውን ጥያቄ ማንበብ ጀመርኩ። ግማሽ ሳልደርስ ያው ቃጭል እንደገና ጮኸ።