«አደጋ ቢኖረው ይነግሩን ነበር»፦ ስለ ሕፃን መተኛ ተረትና እውነታ

አራስ ሲጠይቁ ባዶ እጅ አይኬድም። ዛሬ ከገንፎ እህሉና ከቅቤው ጋር ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር በሰው ሻንጣ የመጣ የሕፃን መተኛ፣ መወዛወዣ ወይም ሕፃኑን የሚከታተል መሣሪያ በስጦታ ይሰጣል። ያገለገለውን ከአዲስ አበባ ሱቅ ወይም ከቴሌግራም ገበያ የሚገዛም አለ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዋግ ኽምራ ውስጥ ሰቆጣ ወይም ፃግብጂ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይዞራል፤ ካርቶኑና መመሪያው በመንገድ ይቀራሉ። አምራቹ አደገኛ መሆኑን አምኖ ከገበያ ጠርቶት ከሆነ፣ ማለትም ሪኮል ተደርጎ ከሆነ፣ ወሬው ከዕቃው ጋር አይመጣም። ማጣራቱ የእኛ የቤተሰቦቹ ኃላፊነት ነው። ከዚህ የሚያዘናጉን ጥቂት እምነቶች አሉ። (የውጭ አገር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት 1፦ «ስሙ የታወቀ የውጭ ድርጅት የሠራው አደጋ የለውም።»

እውነታ፦ ፊሸር ፕራይስ ስመ ጥር የሕፃናት ዕቃ አምራች ነው። ከ2009 ጀምሮ ሕፃኑን ጋደል አድርጎ የሚያስተኛ «ሮክ ኤን ፕሌይ» የተባለ ዕቃ ሲሸጥ ቆየ። በ2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚጠጋው ሪኮል ሲደረግ ከ30 በላይ ሕፃናት ሞተውበት ነበር፤ በ2023 ማስጠንቀቂያው በድጋሚ ሲወጣ የሟቾቹ ቁጥር 100 ገደማ ደርሷል። ቦፒ የተባለው ድርጅት የሠራው የአራስ ሕፃን መደገፊያ ትራስም በ2021 ሪኮል ተደርጓል፤ 3.3 ሚሊዮን ያህል ሲሆን በጊዜው የ8 ሕፃናት ሞት ተመዝግቦበታል። ሁለቱም ዋናዎቹ ምርቶች እንጂ ተመሳስለው የተሠሩ አልነበሩም።

ተረት 2፦ «ያልተሰበረ ዕቃ ምን ያደርጋል? ታላቁ ልጅም ያደገው በእሱ ነው።»

እውነታ፦ የሮክ ኤን ፕሌይ ችግር ያለው ቅርጹ ላይ ነው፤ አዲስ ሆኖም፣ ሳይሰበርም ይገድላል። የጨቅላ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱም ገና አልጠናም። ጋደል ብሎ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ቀጭኑ የአየር ቧንቧ ይታጠፋል። ዞር ብሎ ፊቱ ለስላሳው ጨርቅ ውስጥ ከገባም የሚስበው ራሱ ያወጣውን አየር ነው። ሕፃኑ አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም፤ አጠገቡ ያለ ሰው የተኛ ይመስለዋል። አንድ ልጅ በሰላም አደገበት ማለት ለሚቀጥለው ልጅ ዋስትና አይሆንም። አሜሪካ በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል የሕፃን መተኛ መሥራትንም መሸጥንም ከልክላለች።

ተረት 3፦ «አደገኛ ቢሆን ኖሮ ይነግሩን ነበር።»

እውነታ፦ በ1998 ቺካጎ ውስጥ አንድ የ16 ወር ሕፃን በሞግዚቱ ቤት ሳለ ተጣጣፊ አልጋው ተደርምሶ አንገቱ ላይ ታጥፎበት ሞተ። አልጋው ሪኮል ከተደረገ 5 ዓመት አልፎት ነበር፤ ወላጆቹም ሞግዚቷም አልሰሙም። በዚህ ሐዘን መነሻነት በ2008 በወጣ ሕግ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የሕፃን አልጋና መሰል ዕቃ የገዢው ስምና አድራሻ የሚሞላበት ካርድ እንዲኖረው ተደነገገ። ካርዱ ግን የሚሠራው ሞልቶ ለላከው የመጀመሪያ ገዢ ነው። ሮክ ኤን ፕሌይም ሪኮል ከተደረገ በኋላ ቢያንስ 8 ሕፃናት እንደሞቱበት ተነግሯል። ዕቃው በተሸጠበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ እጅ ላይ ሆና ፃግብጂ ያለችውን እናት ማንም ደውሎ አያገኛትም።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኅብረተሰቡ እንዳይጠቀምባቸው የሚያስጠነቅቅባቸውን የምግብ ምርቶች በየጊዜው ይፋ ያደርጋል። የሕፃን መተኛ ግን ምግብም መድኃኒትም ስላልሆነ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ባለሱቁን ማን እንደሠራው፣ ሞዴሉ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ተረት 4፦ «በጀርባው ከተኛ ትውከት ያንቀዋል፤ ከፍ ብሎ ወይም በጎኑ ይተኛ።»

እውነታ፦ ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው፤ ያቀረሸው ወተት ወደ ምግብ ቧንቧው ይመለሳል እንጂ ሽቅብ ወደ አየር ቧንቧው አይሄድም። በሆዱ ሲተኛ ይህ ይገለበጣል። አሜሪካ በ1994 «ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከጀመረች ወዲህ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ተረት 5፦ «ማንቂያ ያለው መሣሪያ ካሰርንለት ጠባቂ አለው።»

እውነታ፦ የልብ ምትና ኦክስጅን የሚለካው የአውሌት ካልሲ ስሙ የገነነ ነበር። በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ፈቃድ እንደ ሕክምና መሣሪያ መሸጡን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ ጻፈለት፤ ኩባንያውም በአሜሪካ መሸጡን አቆመ፤ በ2023 ነው ለአዲሱ ምርት ፈቃድ ያገኘው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ድንገተኛ ሞትን አይከላከልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ዝም ሊል ይችላል።

ተረት 6፦ «የእኛ ልጆች የሚተኙት እናታቸው ጎን ነው፤ ይህ ሁሉ የከተሜ ጣጣ ነው።»

እውነታ፦ ጋደል ያለው መተኛ የሚገድልበት ምክንያት ጋቢና ትራስ ውስጥም አለ። የዋግ ኽምራ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ብርድም ለጨቅላ እውነተኛ አደጋ ነው። ሙቀቱ ግን መምጣት ያለበት ከልብሱና ከእናቱ ገላ ነው፤ ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ መሸፈን አየር ያሳጣዋል። ክብደቱ አንሶ ወይም ቀኑ ሳይደርስ የተወለደውን፣ ጤና ባለሙያ እንደሚያሳየው፣ እናት ነቅታ ደረቷ ላይ ገላ ለገላ ብታቅፈው ይሞቃል።

መደብ ላይ የተነጠፈ ቁርበት ጠፍጣፋና ጠንካራ ስለሆነ ከለስላሳ ትራስ ይሻላል፤ ፀጉረ ብዙ የበግ አጎዛ ግን ፊቱ አጠገብ አይሁን። እናት አብራው የምትተኛ ከሆነ በጀርባው ታስተኛው፤ በእሷና በአባቱ መካከል ወይም ከሌሎች ልጆች ጋር አይሁን፤ ከመደቡ ጠርዝም ይራቅ። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ከጨቅላ ጋር ጨርሶ አይተኛ። አንቀልባ ላይ ያለም ፊቱ ይታይ፣ አገጩም ከደረቱ አይጣበቅ።

እንዴት እናጣራ?

ዕቃውን ገልብጡት። ከመቀመጫው ሥር፣ ከእግሩ ብረት ላይ ወይም ከጨርቁ ስፌት ዳር አንድ ትንሽ መለያ ወረቀት ወይም ጨርቅ ታገኛላችሁ። የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥርና የተመረተበት ቀን የሚገኙት እዚያ ነው። ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ኢንተርኔት የማይደርሳችሁ ከሆነ ፎቶውን ሰቆጣ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ የምትልኩበትን መንገድ ፈልጉ።

የሚያጣራው ሰው የድርጅቱን ስምና የሞዴሉን ቁጥር የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ (ሲፒኤስሲ ዶት ጎቭ) ላይ ይፈልግ። ለአውሮፓ ምርት «ሴፍቲ ጌት» አለ፤ የብዙ አገሮችን ሪኮል አንድ ላይ የሚያሳየው ደግሞ የኦኢሲዲ «ግሎባልሪኮልስ» ነው። ማስታወቂያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። በ2024 ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የፊሸር ፕራይስ «ስኑጋ» መወዛወዣ ሪኮል ሲደረግ የተባለው የራስ መደገፊያውና የውስጥ ለስላሳው ክፍል ይውጣ፣ ሕፃንም ፈጽሞ አይተኛበት የሚል ነበር።

መለያው ከጠፋ ወይም የሚያጣራላችሁ ካጣችሁ ቅርጹ ይፍረድ፤ የሚያዘነብል ወይም እንደ ትራስ የሚሰምጥ ከሆነ አታስተኙበት። ሪኮል ሆኖ ከተገኘ ለጎረቤት አይሰጥ፣ አይሸጥ፤ ጨርቁ ይቀደድ፣ ብረቱ ይፈታ። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አሳውቋት፤ ሌሎች እናቶችን ታስጠነቅቃለች። በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ሊያስቀር የተነሳው በዚህችው ከተማ ስም ነው። ለሕፃናት ምግብ የተሰጠው ትኩረት ለአስተኛኘታቸውም ይገባል።

ውጭ ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች አንድ አደራ አለን። ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁጥሩን እናንተ ፈልጉት፤ ኢንተርኔቱም ቋንቋውም እጃችሁ ላይ ነው። ከተጠራጠራችሁ ዕቃውን ትታችሁ ለጠንካራ ፍራሽና ለሕፃኑ ሙቅ ልብስ የሚሆን ገንዘብ ላኩ። ለአራሷ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።