ጀርማኒየም ኦክሳይድ፦ ጠባዩ፣ አገልግሎቱና በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጀርማኒየም ኦክሳይድ፣ በሙሉ ስሙ ጀርማኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ነጭ ዱቄት ነው። ንጥረ ነገሩ ጀርማኒየም ከመታወቁ በፊት ሜንዴሌዬቭ የተባለው ሩሲያዊ ኬሚስት በ1871 መኖሩን ተንብዮ ነበር፤ በ1886 ደግሞ ክሌመንስ ዊንክለር ጀርመን ውስጥ በፍራይበርግ ከተማ ከአንድ የብር ማዕድን ለይቶ አወጣው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የሚገኘው የዚንክ ማዕድን ሲጣራ በተረፈ ምርትነትና ከድንጋይ ከሰል አመድ ነው።

ኦክሳይዱ በሁለት ዋና ዋና የክሪስታል ቅርጾች ይገኛል። አንደኛው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 4 ግራም ያህል የሚሟሟ ሲሆን ሁለተኛው በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ለሕክምና ባለሙያ ቁም ነገሩ የሚሟሟው ነው፤ ከአንጀት በቀላሉ ወደ ደም ይገባልና። ከሰውነት የሚወገደውም በአመዛኙ በሽንት በኩል ነው።

በኢንዱስትሪ ያለው አገልግሎት ሰፊ ነው። ብርሃንን የመስበር ዐቅሙ ከፍተኛ ስለሆነ በኦፕቲካል ፋይበር መስታወት እምብርት ውስጥና በካሜራ ሌንሶች ይጨመራል። የፕላስቲክ ጠርሙስ በሚሠራበት ሂደትም፣ በተለይ በጃፓን፣ እንደ ካታሊስት ያገለግላል። በኢንፍራሬድ መሣሪያዎች ሌንስነት የሚያገለግለው የጀርማኒየም ብረትም የሚመረተው ከዚሁ ኦክሳይድ ነው። በካንሰር ሕክምና ማዕከላት በሚገኙ አንዳንድ የፔት ስካን መሣሪያዎች ውስጥ ጨረሩን የሚቀበሉት ክሪስታሎችም ከቢስመዝና ከጀርማኒየም ኦክሳይድ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ንጥረ ነገሩ ወደ ሰው አካል አይገባም። ችግሩ የመጣው እንዲዋጥ በተደረገ ጊዜ ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀርማኒየም ኦክሳይድ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል ተብሎ ለደም ማነስ ተሞክሮ ነበር፤ ተስፋው ግን አልጸናም። ከበርካታ ዓመታት በኋላ በንጥረ ነገሩ በተመረዙ ሰዎች ላይ ከታዩት ምልክቶች አንዱ ራሱ ደም ማነስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሁለተኛው ማዕበል የተነሣው ከጃፓን ነው። ካዙሂኮ አሳይ በ1967 ጂኢ-132 የተባለውን «ኦርጋኒክ ጀርማኒየም» ካዘጋጀ በኋላ የፈዋሽነቱ ዝና በፍጥነት ተሰራጨ፤ ለካንሰር፣ ለጉበት በሽታ፣ ቆይቶም ለኤድስ ይጠቅማል ተባለ። ዝናውን ተከትለው ርካሹን ኦክሳይድ የያዙ ዱቄቶችና ጠብታዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በገበያ ላይ ዋሉ።

ጉዳቱ የታየው ቀስ በቀስ ነው። በ1990ዎቹ በታተሙ ግምገማዎች ቢያንስ 31 ሰዎች በኩላሊት መድከም መያዛቸው ተመዝግቧል፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። የወሰዱት ጠቅላላ መጠን ከ15 እስከ 300 ግራም በላይ ሲሆን የወሰዱበት ጊዜ ከ2 እስከ 36 ወራት ነው። ከዕለት ምግብ የሚገኘው ጀርማኒየም በግምት 1 ሚሊ ግራም አካባቢ ስለሆነ ዝቅተኛው 15 ግራም እንኳ ከ40 ዓመት ምግብ የሚገኘውን ያህል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሲወሰድ የመመረዝ ኃይሉ ዝቅተኛ መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋ ይመስላል።

በኩላሊት ባዮፕሲ የሚታየው ጉዳት በዋነኛነት በቱቡሎች ላይ ነው። ሕዋሳቱ በውስጣቸው ባዶ ክፍተቶች እየፈጠሩ ይበላሻሉ፤ በሚቶኮንድሪያ ውስጥም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጠቆር ያሉ እንክብሎች ይታያሉ። ግሎሜሩለሶች በአመዛኙ አይነኩም። ምርመራውን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ክሬአቲኒን ከፍ እያለ ሳለ በሽንት ውስጥ ፕሮቲንም ደምም ላይገኝ ይችላል። በዲፕስቲክ ብቻ የሚተማመን ባለሙያ «ሽንቱ ንጹሕ ነው» ብሎ ታማሚውን ሊያሰናብት ይችላል። የጡንቻ ድካም፣ የክብደት መቀነስ፣ ማቅለሽለሽና የእጅና የእግር ነርቮች ጉዳት ከዚሁ ጋር ተያይዘው ከታዩ ጥርጣሬው ሊጠነክር ይገባል።

«ኦርጋኒክ» የተባለው ዝርያስ? በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ኦክሳይዱ ቱቡሎችን ሲጎዳ ንጹሕ ጂኢ-132 ያን ጉዳት አላሳየም። ይሁን እንጂ ኩላሊታቸው ከተጎዳ ሰዎች መካከል ጂኢ-132 ወይም የጀርማኒየም ላክቴት ሲትሬት የወሰዱም ይገኛሉ፤ ምርቱ ከኦክሳይዱ ጋር የተቀላቀለ ሊሆንም ይችላል። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይህን አይለይም። ንጥረ ነገሩ ለሰው አካል አስፈላጊ መሆኑም ሆነ ካንሰርን መፈወሱ ስላልተረጋገጠ፣ አደጋውን ሊያካክስ የሚችል ጥቅም አለው ማለት አይቻልም።

የበሽታውን ታሪክ ሲጠይቁ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ታማሚው ቪታሚኑን፣ የዕፅዋት ዱቄቱን ወይም ዘመድ ከውጭ የላከለትን ጠብታ ከመድኃኒት ስለማይቆጥረው «የለም» ይላል። «ለጉልበት፣ ለደም ወይም በሽታ ለመከላከል ብለው የሚወስዱት ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅና ዕቃውን ይዞ እንዲመጣ መንገር ይበጃል።

የታወቀ ማርከሻ የለውም። ሕክምናው ምርቱን ወዲያውኑ ማስቆም፣ ኩላሊትን የሚጎዱ ሌሎች መድኃኒቶችን ማስወገድ፣ የፈሳሽና የማዕድናት ሚዛንን መጠበቅና ሲያስፈልግ የኩላሊት እጥበት ማድረግ ነው። ማገገሙ ዝግተኛና ብዙ ጊዜም ያልተሟላ ነው፤ በአይጦች ላይ ኦክሳይዱ ከተቋረጠ በኋላም በኩላሊት ውስጥ ጠባሳ ታይቷል። ስለዚህ ታማሚው ደኅና እንደሆነ ቢሰማውም ክሬአቲኒኑ ለወራት፣ ካልተስተካከለም ከዚያ በላይ፣ በየጊዜው ሊለካ ይገባል።