«የዘይት ግፊት»፦ የአንድ የሙያ ቃል ፍችና አተረጓጎም

የቴክኒክ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው የሚቸገረው አቻ ቃል በማጣት ነው ይባላል። ይሁን እንጂ አቻው ተገኝቶና ተለምዶ ሳለ ጽንሰ ሐሳቡ ከቃሉ ጋር ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። «የዘይት ግፊት» ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ማስረጃችንን የምንወስደው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ከሚታየው፣ በተለምዶ «ቮልስ» ከሚባለው አሮጌ ቮልስዋገን ነው። የዚህ መኪና ምርት በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ስላበቃ፣ ያሉት የሚቆዩት ሞተራቸው እየወረደ በመታደስ ነው። የታደሰ ሞተር ደኅና መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱም የዘይቱ ግፊት ነው።

«ግፊት» «ገፋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው። በሕዝብ አነጋገር ግን ቃሉ የሚያያዘው ከጋራዥ ይልቅ ከሐኪም ቤት ጋር ነው። «ግፊት አለበት» የተባለ ሰው ታማሚ ነው፤ ይኸው ሕመም «ደም ብዛት» ተብሎም ይጠራል። «ብዛት» የመጠን ቃል መሆኑን ልብ ይሏል፤ የተለካው ግን የደሙ መጠን አይደለም። እነዚህ ሁለት ልማዶች ወደ ሞተር ሲሻገሩ ሁለቱም ያሳስታሉ። አንደኛ፣ በሞተር ዘንድ ይበልጥ የሚፈራው የግፊት መኖር ሳይሆን የግፊት መጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ የዘይት መብራት ሲበራ «ዘይት አነሰ» ብሎ ዘይት የሚጨምር አሽከርካሪ ግፊትን ከመጠን ጋር እያምታታ ነው። እርግጥ ዘይቱ እጅግ ሲጎድል ግፊቱም ይጠፋል፤ ነገር ግን ቮልስ የሚይዘው 2.5 ሊትር ሙሉ ሆኖ ሳለም ግፊቱ ሊጠፋ ይችላል። መጠኑ የሚታወቀው በመለኪያ ዘንጉ ነው፤ ግፊቱ ግን በጌጅ።

ለመሆኑ ግፊቱ ከየት ይመጣል? ፓምፑ የሚሰጠው ፍሰትን ነው። ዘይቱ በብሮንዚናውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል የሚገጥመው መቋቋም ግፊትን ይፈጥራል። ስለዚህ ብሮንዚናው ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ ዘይቱ በቀላሉ ያመልጣል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ አሁንም ይወርዳል። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ይወጣል። በአንጻሩ መተላለፊያው በቆሻሻ ከተደፈነ ጌጁ ከፍ ያለ ቁጥር እያሳየ ዘይቱ ከሚፈለግበት ቦታ ላይደርስ ይችላል። «የዘይት ኃይል» ወይም «የዘይት ጉልበት» የሚሉትን አማራጮች የማንቀበለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጉልበት ሲበዛ የሚወደድ ነገር ስለሆነ አንባቢውን «ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል» ወደሚል ሐሳብ ይመራዋል። በቮልስ ሞተር የግፊት ማስተንፈሻው ተዘግቶ ቢጣበቅና ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሞተሩ በኃይል ቢነዳ፣ ከልክ ያለፈው ግፊት የዘይት ማቀዝቀዣውን እስከ ማፈንዳት ይደርሳል።

ለተርጓሚው ዋናው አደጋ ግን ከስያሜው ይልቅ በአገላለጹ ላይ ነው። ለዚህ ሞተር የተለመደው መመዘኛ፣ 30 ቁጥር ዘይት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስና ሞተሩ በደቂቃ 2500 ጊዜ ሲዞር ግፊቱ 3 ባር ያህል እንዲሆን፣ ከ2 ባርም እንዳያንስ ነው። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ለማሳጠር ብሎ «የዘይቱ ግፊት 3 ባር መሆን አለበት» ቢል ሰዋስዉ አይጎድልም፤ ትርጉሙ ግን ሐሰት ሆኗል። ይህን ያነበበ መካኒክ፣ የጋለው ሞተር በሚኒሞ ሲዞር 0.7 ባር ቢያሳየው ደኅናውን ሞተር «አልያዘም» ብሎ እንደገና ያወርደዋል። ወይም በማለዳ ገና ሳይሞቅ ከ3 ባር በላይ ስላየ ብሮንዚናው የላላውን ሞተር አጽድቆ ለባለቤቱ ያስረክባል። እንዲያ ያለው ሞተር ረጅም ዳገት ላይ ግሎ ዘይቱ ሲቀጥን ብሮንዚናውን ያቃጥላል፤ የእድሳቱም ወጪ ከንቱ ይሆናል።

የመብራቱ ነገርም እንዲሁ ነው። ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ የዘይት ጌጅ የለውም፤ ያለው መብራት ብቻ ነው። መብራቱን የሚያጠፋው መሣሪያ የሚሠራው ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለ አነስተኛ ግፊት ነው። እንግዲህ የመብራቱ መጥፋት «ጥቂት ግፊት አለ» ከማለት አያልፍም፤ «ግፊቱ በቂ ነው» ተብሎ መተርጎም የለበትም። አዲስ የታደሰን ሞተር ለመመዘን የመብራቱን መሣሪያ ፈትቶ በቦታው ጌጅ ማሰር፣ ሞተሩንም አሙቆ ማንበብ ያስፈልጋል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ «ወፍራም ዘይት» አንድ ነገር እንበል። የጋራዡ ቋንቋ እንደ ካንዴላና ፍሪሲዮን ያሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ ሲወስድ፣ ለዚህኛው ግን የራሱን ቃል መርጧል፤ ምርጫውም ያማረ ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ውፍረት» ከ«እፍጋት» ጋር ሊምታታ ስለሚችል «ዝልግልግነት» ይሻላል እንላለን። የግፊት መውረድን በወፍራም ዘይት መሸፈን የጌጁን ቁጥር ከፍ ያደርጋል እንጂ የሰፋውን ክፍተት አያጠብም።

ከላይ በተባለው መሠረት ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ረቂቅ የሚከተለው ነው፦

የዘይት ግፊት፤ ስም። በሞተር ውስጥ በፓምፕ የሚነዳ ዘይት በጠባብ መተላለፊያዎችና ክፍተቶች ሲያልፍ ከሚገጥመው መቋቋም የተነሣ በአንድ የስፋት አሐድ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል። በባር ይለካል፤ ልኩ የሚነገረው ከዘይቱ ሙቀትና ከሞተሩ ዙር ጋር ነው። ከ«ዘይት መጠን» ይለያል።