መቅረጫው ዝም ካለ የሌሊት ወፍ የለም ማለት ነው?

የሌሊት ወፍ ዕውር ናት የሚለው ሐሰት ነው፤ ሁሉም ዝርያዎች ያያሉ፣ የፍራፍሬ በሎቹማ ዓይን ትልልቅ ነው። ተራ የእጅ ስልክ ጩኸታቸውን ይቀዳል የሚለውም አያስኬድም፤ ስልክ በአብዛኛው ከ24 ኪሎኸርዝ አያልፍም፣ የእነሱ ጩኸት ግን በብዛት ከዚያ በላይ ነው። እነዚህ ብዙ አይጎዱም። የሚጎዳው በጥብቅ ቦታዎች ጥናት ላይ የሚታየው ሌላ እምነት ነው፦ መቅረጫ ዛፍ ላይ አስሮ ማሳደር፣ የተቀዳውን ለኮምፒውተር ፕሮግራም መስጠት፣ ፕሮግራሙ ያልጠራውን ዝርያ «እዚህ የለም» ብሎ መዝጋት።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች እየጮኹ የሚመለሰውን ማሚቶ አዳምጠው ስለሚያድኑ ድምፃቸው ማንነታቸውን ያሳብቃል። ከዛፍ ጫፍ በላይ የሚበሩት አጥኚዎች እነሱን ለመያዝ የሚዘረጉት መረብ ውስጥ እምብዛም አይገቡም፤ መቅረጫው ግን ሳይነካቸው ይይዛቸዋል። በአውሮፓ አንድ ይመስል የነበረው ተራ ፒፒስትሬል የተባለ የሌሊት ወፍ ሁለት ዝርያ መሆኑን ያመለከተው፣ አንዱ በ45፣ ሌላው በ55 ኪሎኸርዝ አካባቢ መጮኹ ነበር።

ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ መኖርን ይመሰክራል እንጂ ዝምታ አለመኖርን አይመሰክርም። ፍራፍሬ በሎቹ መንገዳቸውን የሚያገኙት በዓይንና በአፍንጫ ነው፤ ምላሳቸውን እያንቋቁ ማሚቶ ከሚያዳምጡት ዋሻ አዳሪዎቹ ሩሴተሶች በቀር መቅረጫው አያውቃቸውም ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያም የሚገኙት ኤፖሞፎረስ የተባሉት ፍራፍሬ በሎች ወንዶቹ ሴት ሲጠሩ ለሰው ጆሮ ይሰማሉ፤ ለረቂቅ ድምፅ ብቻ የተስተካከለ መሣሪያ ግን ያንኑ አጣርቶ ይጥለዋል። የባሌውን ባለ ረጅም ጆሮ የሌሊት ወፍም እንመልከት። ፕሌኮተስ ባሌንሲስ ተብሎ ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ባለ ረጅም ጆሮዎቹ በሹክሹክታ የሚያድኑ ናቸውና ጥቂት ሜትሮች ከራቁ ማይክሮፎኑ አይሰማቸውም። በዚያ ላይ አየሩ ራሱ ቀጭን ድምፅን ይውጣል፤ የ100 ኪሎኸርዝ ጩኸት ከ20ው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይጠፋል። ስለዚህ በመቅረጫ ብቻ የተሠራ ዝርዝር ገላጣ ላይ ጮክ ብለው የሚያድኑትን አጉልቶ፣ ደን ውስጥ የሚያንሾካሹኩትን ይሰውራል። ደኑ ሲመነጠር ማደሪያና ማደኛ የሚያጡት ደግሞ እነዚያው የተሰወሩት ናቸው፤ ዘር እየበተኑ ደኑን የሚያድሱትም ዝም ያሉት ፍራፍሬ በሎች ናቸው። ይህን እያወቁ «የለም» ብሎ መፈረም ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው።

ፕሮግራሙስ? በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቅጂዎች የሠለጠነ ከሆነ ለባሌ ጩኸትም የሚሰጠው ከዚያው መዝገብ የሚቀርበውን ስም ነው። ያቺው የሌሊት ወፍ እንኳ ገላጣ ላይ ጩኸቷን ታረዝማለች፣ ቅጠል መሃል ታሳጥራለች። 200 ጩኸትም 200 የሌሊት ወፍ አይደለም፤ አንዷ መቅረጫው ዙሪያ ስትመላለስ ልታድር ትችላለች።

መረብም ያዳላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከፍ ብለው የሚበሩት ያመልጡታል። ግን መረብ የሚስተውን መቅረጫ፣ መቅረጫ የሚስተውን መረብ ያገኘዋል። ተይዞ ዝርያው የተለየ እንስሳ ሲለቀቅ የሚቀዳው ድምፅም ለአገሩ የራሱ ማመሳከሪያ ይሆናል። በጀቱ ለመቅረጫ ብቻ ከበቃ ሪፖርቱ «የለም» ሳይሆን «አልተቀዳም» ይበል፤ መሣሪያው ስንት ሌሊት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ከፍታ እንደተሰቀለ ይጻፍ። ጥሬ ቅጂውም አይደምሰስ፤ ዛሬ ስም ያጣ ጩኸት ማመሳከሪያው ሲሟላ እንደገና መደመጥ አለበት።