መዋዕለ ንዋይ ተብሎ የሚገባ ዕዳ

በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኘው የሲሼልስ መንግሥት ብዙ ደሴቶች ያሉት ሲሆን፣ ኑሮው በጎብኚዎችና በቱና ዓሣ ላይ የተመሠረተ ነው። ታላላቅ ሆቴሎቹንና የዓሣ ፋብሪካውን ለማስፋፋት ብዙ ገንዘብ የገባው ከውጭ አገር ባለገንዘቦች ነው።

ይሁን እንጂ ይህን የመሰለው ገንዘብ በሁለት መንገድ እንደሚገባ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አክሲዮን ነው፤ ባለአክሲዮን ሥራው ሲያተርፍ ትርፉን፣ ሲከስርም ኪሳራውን ይካፈላል። ሁለተኛው በውጭ ያለው ዋና ማኅበር በደሴቲቱ ላቋቋመው ማኅበር የሚሰጠው ብድር ነው። ይህም በመዝገብ መዋዕለ ንዋይ ቢባልም ከአገሪቱ የውጭ ዕዳ ጋር ይቆጠራል፤ ጎብኚ መጣም ቀረም፣ በውሉ መሠረት ዋናውና ወለዱ በውጭ ምንዛሪ ይጠየቅበታል።

የውጭ ምንዛሪ ማጣት የሚያስከትለውን መከራ ሲሼልስ ቀምሶታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንዱን ክፍያ መፈጸም ተሳነው፤ በዚያው ዓመት የሩፒው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ2009 ዓ.ም. የፓሪስ ክለብ አበዳሪ መንግሥታት ከሚፈልጉበት ዕዳ 45 በመቶውን በየደረጃው ለመሰረዝ ተስማሙ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምሕረት ለመንግሥት ዕዳ እንጂ ለግል ማኅበራት ብድር አይደርስም። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ጎብኚ ሲቋረጥም ገቢው ደረቀ እንጂ የብድር ውል በራሱ አልተሻረም።

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም የሚገባውን ገንዘብ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ አክሲዮን ነው ወይስ ብድር ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ከውጭ ማኅበር ጋር የሚሻረክ ነጋዴም የትርፉን ተስፋ ከመቍጠሩ በፊት የብድሩን ውል አስቀድሞ ይመርምር።